ዋና አሰልጣኝ የረዳቱን ጥፋት ከሰማ ለማን ይናገር? የኦሃዮ ስቴት ጉዳይ

መክፈቻ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ ስለ ውጤትና ስለ ዝውውር ነው የምናወራው። ዛሬ ከሜዳ ውጭ ያለ ነገር ላንሳ። ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ነው።

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው ባለበት በኮሎምበስ ከተማ የምትኖሩ በደንብ ታስታውሱታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኧርበን ማየር በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ስማቸው ከገነነ አሰልጣኞች አንዱ ነው። ፍሎሪዳን ሁለት ጊዜ፣ ኦሃዮ ስቴትን ደግሞ በ2014 የውድድር ዘመን ሻምፒዮን አድርጓል። ዛክ ስሚዝ የሚባል ረዳት ነበረው። የስሚዝ ሚስት በ2015 መታኝ ብላ ለፖሊስ አመልክታለች። ክስ አልተመሠረተም። እሱም አላደረግኩም ብሎ ክዷል። ሥራው ላይም ቀጠለ።

ነገሩ የፈነዳው በጁላይ 2018 ነው። በዚያን ጊዜ የቀድሞ ሚስቱ ነበረች። እንዳይጠጋት የሚከለክል የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አወጣችበት። በሦስተኛው ቀን ተባረረ። በማግስቱ ማየር ቺካጎ ላይ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ስለ 2015ቱ ጉዳይ ሲጠየቅ የማውቀው ነገር የለም አለ። ኦገስት 1 ላይ ግን ሴትዮዋ ያኔ ከማየር ባለቤት ጋር የተጻጻፈቻቸው የስልክ መልዕክቶች ይፋ ወጡ። ማየር በዚያው ቀን ከሥራ ገለል እንዲል ተደረገ። ሁለት ሳምንት ምርመራ ተካሄደ። ኦገስት 22 የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰብስቦ ለሦስት ጨዋታ አገደው። የማየር አለቃ የሆነው የስፖርት ዳይሬክተሩ ጂን ስሚዝም ያለ ደመወዝ ለሁለት ሳምንት ያህል ታገደ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኼ ነው። አሰልጣኝ የረዳቱን የቤት ጉዳይ ሲሰማ ምን ማድረግ አለበት? የኔ አቋም ግልጽ ነው። ማየር ፖሊስም ዳኛም አልነበረም። እውነት ነው ውሸት ነው እያለ እሱ የሚመዝነው ነገር አልነበረም። የሰማውን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለዚህ ለተመደበው ቢሮ አድርሶ ወደ ሥልጠናው መመለስ ነበረበት።

ክሩ በጣም ስለረዘመ፣ ዘግይተው ለሚመጡ እንዲመች የተሰጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው እዚሁ አስቀምጣለሁ።

1. የመጀመሪያው መልስ ከኮሎምበስ ነው። ወንድማችን የቡድኑ የልብ ደጋፊ መሆኑን ሳይደብቅ፣ በጨዋ አንደበት ነው የተቃወመኝ። ማየር ማንንም አልመታም አለ። ፖሊስ አይቶ ክስ ያልመሠረተበትን ነገር አሰልጣኝ ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል? ሦስት ጨዋታም በዝቷል ባይ ነው።

2. ሁለተኛው በአንድ መስመር ደገፈው። ባልና ሚስት መሀል አይገባም ብሎ ሄደ።

3. ሦስተኛዋ እህታችን ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ ናት። የዚህ ክር ትልቁ መልስ የእሷ ይመስለኛል። አንዲት አሮጊት ስታጥብ ከክርናቸው በላይ የበለዘ ቦታ ታያለች። ልጃቸው ወድቀው ነው ይላታል። እሷ ከልጁ ጋር አልተከራከረችም። ፈረቃዋ ሳያልቅ ለኃላፊዋ ደወለች። ከዚያ ቅጹን ሞላች። የትኛው ክንድ እንደሆነ፣ የበለዘው ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ መልኩ ወይን ጠጅ ይሁን ወደ ቢጫ የሄደ፣ ስንት ሰዓት እንዳየችው፣ ልጁ ምን እንዳለ። ማን አደረሰው የሚለውን አልጻፈችም፤ ቅጹም አይጠይቅም። በየዓመቱ በሚሰጣቸው ሥልጠና ላይ ደጋግመው የሚነግሯቸው ይህንኑ ነው አለች፤ ያየሽውን ጻፊ፣ ፍርዱን ለኛ ተዪ። ቀጥላም ጠየቀች። እኔ በሰዓት ክፍያ የምሠራው ዝም ብል ፈቃዴን የምቀማ ከሆነ፣ በሚሊዮን የሚከፈለው ሰው እንዴት ነው አላወቅኩም ብሎ የሚያልፈው?

4. አራተኛው ሕግ የተማረ ሰው ይመስላል። ቁጥር 3ን በትህትና አረማት። እሷን የሚያስገድዳት ሕግ አቅመ ደካማ አረጋውያንን ለመጠበቅ የወጣ ነው። ልጆችን የሚጠብቅም አለ። ለአዋቂ ሚስት ግን ሁሉም ግዛት እንዲህ ዓይነት ግዴታ አይጥልም። የማየር ግዴታ የሚመጣው ከሥራ ውሉና ከዩኒቨርሲቲው መመሪያ ነው። በ2018 የታደሰው ውሉ፣ ተማሪንም ሆነ ሠራተኛን የሚመለከት የጾታ ጥቃት፣ በትዳርና በፍቅር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጨምሮ፣ ሲያውቅ ለታይትል ናይን ኃላፊዎች እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ታይትል ናይን በትምህርት ቤቶች የጾታ መድልዎን የሚከለክለው የ1972ቱ የፌዴራል ሕግ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ወንጀል ሠራ አልሠራም አይደለም አለ፤ የፈረመውን ውል አከበረ ወይ ነው።

5. አምስተኛው ቁጥር 1 ላይ ጠንከር አለ። አላወቀም የምትለው ሰው አውቋል አለው። በ2015 ፖሊስ እየመረመረ መሆኑን መጀመሪያ የሰማው ስፖርት ዳይሬክተሩ ነው፤ ለማየርም ነግሮታል። ከዚያም በፊት በ2009 ፍሎሪዳ እያሉ ዛክ ስሚዝ ነፍሰ ጡር ሚስቱን መትቷል ተብሎ ታስሮ ነበር። ክሱ ባይቀጥልም ማየር ያውቃል። ማየር ኦሃዮ ስቴት ውስጥ ስሚዝን ሲቀጥር ግን ይህንን ለአለቆቹ አልነገራቸውም። ይህ ሁሉ የምርመራው ሪፖርት ላይ አለ። ሪፖርቱ ሁለቱ ሰዎች ሆን ብለው ሸፋፍነዋል አላለም፤ ሰው ካልታሰረ ወይም ካልተከሰሰ ሪፖርት አይደረግም ብለው በስህተት ያምኑ ነበር ነው ያለው። አምስተኛው ይህንን አልዋጠለትም። ሁለቱ ለሁለት ተነጋግረው ነገሩን እዚያው አስቀሩት፤ ወደሚመለከተው ቢሮ የወሰደው የለም አለ። እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። አለቃህ ያውቃል ማለት አንተ ተናግረሃል ማለት አይደለም።

6. ስድስተኛው አዲስ ነገር አመጣ። ስሚዝ የኧርል ብሩስ የልጅ ልጅ ነው። ብሩስ የቀድሞ የኦሃዮ ስቴት ዋና አሰልጣኝ ናቸው። ማየርን ወደ ሙያው ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ እንደ አባት ነው የሚያያቸው። በኤፕሪል 2018 አረፉ። የልጅ ልጃቸው የተባረረው ከሦስት ወር በኋላ ነው። መላሹ ይህን ብቻ አስቀምጦ፣ ውለታ የያዘው ሰው እንዴት ጨክኖ ይናገር ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ውለታ ምን እንደሚያደርግ እኛ ልንማረው አይገባም፤ ተወልደን ያደግንበት ነው። ያሳደገህን ሰው ልጅ አሳልፎ መስጠት ከባድ ነው። ማየር ራሱም በኋላ በመግለጫው ላይ ለብሩስ የነበረው ታማኝነት ፍርዱን ሳይጋርደው እንዳልቀረ ተናግሯል። ታዲያ ለዚሁ አይደል ውሳኔው ከእሱ እጅ መውጣት የነበረበት? ብሩስን የማያውቅ፣ ስሚዝን በልጅነቱ ያላየ፣ ወረቀቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ቢመለከተው ኖሮ ማየር ራሱም ከዚያ ጭንቀት ይድን ነበር።

7. ሰባተኛው መልስ ከአንድ ጋሼ ነው። እሳቸው የጻፉት ረጋ ባለ መንፈስ ነው። በ2009 ማየርና ባለቤቱ ባልና ሚስቱን አስቀምጠው መክረዋል፤ ወደ ምክር አገልግሎትም መርተዋቸዋል። ይህ በኛ ባህል ሽምግልና ነው አሉ። ሽማግሌ ባይኖር ስንት ቤት ይፈርስ ነበር? ሁሉን ነገር ቢሮ መውሰድ ትዳርን ያፈርሳል፣ ሰውየውንም ከእንጀራው ያፈናቅላል። መጀመሪያ ምክር፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ፣ ካልሆነ ሕግ የሚል ነው ሐሳባቸው።

8. ስምንተኛዋ ጋሼን በአክብሮት ብትጀምርም ቶሎ ጋለች። አክስቷን ሦስት ጊዜ ሽማግሌ አስታርቆ ወደዚያው ቤት መልሷታል አለች። በየጊዜው የሚነገራት ያው ነው፤ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ የባልየው የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ማየርም ለስሚዝ ሽማግሌ ሳይሆን አለቃ ነው አለች። አለቃ ሽማግሌ ሲሆን ሚስትየዋ ማን አላት? እሷ ብትናገር የሚጠፋው የባሏ ሥራ ነው፤ የልጆቿም ቀለብ የሚመጣው ከዚያው ነው። በዚህ ላይ የምታማክራት ሴት የአለቃው ሚስት ናት።

9. ዘጠነኛው ስምንተኛዋን ሰደባት። የጻፈውን አልደግመውም። የመድረኩ አስተዳዳሪ አጥፍቶታል፤ ደግ አደረገ።

10. ጋሼ ራሳቸው ተመለሱ። ዘጠነኛውን ልጄ አፍህን ሰብስብ ብለው ገሠጹት። ለስምንተኛዋ ደግሞ የአክስትሽ ነገር አሳዝኖኛል፣ የሥራ ባልደረባ መሸምገል አልነበረበትም አሏት። ሽምግልና ይቅር የሚለውን ግን አልተቀበሉም።

11. አሥራ አንደኛው ከርዕስ ወጣ። የማየር የ2018 ደመወዝ 7.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር ብሎ ተገረመ። በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ትልቁን ደመወዝ የሚበላው አገረ ገዢው ሳይሆን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነው። ተጫዋቾቹ ያኔ ደመወዝ አልነበራቸውም። ከዚህ ተነስቶ አምስት ስድስት ሰው የአርሰናልን አሰልጣኝ ክፍያ ማነጻጸር ጀመረ። እሱን ዘልዬዋለሁ።

12. አሥራ ሁለተኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን፣ የስልኩን ነገር አንስቶ። መልዕክቶቹ ይፋ በወጡበት ቀን ማየር ከአንድ የቡድኑ ኃላፊ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ መልዕክቶች በራሳቸው እንዲጠፉ ስልክ እንዴት እንደሚስተካከል ተነጋግሯል። መርማሪዎቹ ስልኩን ሲያገኙት ከዓመት በላይ የቆየ መልዕክት አልነበረበትም። መቼ እንደጠፋ ግን ሊያረጋግጡ አልቻሉም። ሪፖርቱ አሳሳቢ ነው ብሎታል። አሥራ ሁለተኛው እንደሚለው ሦስት ጨዋታው ለዚህ ብቻ እንኳ አነሰ። አንድ የቦርድ አባል በቅጣቱ ቀላልነት ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቋል።

13. ቁጥር 1 ተመልሶ ያልተረጋገጠ ነገር አታውሩ አለ። ትንሽ ተቆጥቷል። ማየር ቺካጎ ላይ ሆን ብሎ አልዋሸም ያለውም ያው ሪፖርት ነው፤ የሚስማማችሁን ብቻ አትምረጡ አለ። ልክ ነው፣ ሪፖርቱ እንደዚያ ይላል። በዚያው ወረቀት ላይ ግን ማየርና ባለቤቱ በ2015 መጨረሻ ስለ ክሱ ሳይነጋገሩ አልቀሩም የሚልም አለ። እሷም የዚያው ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ መምህር ነበረች። መመሪያው እሷንም ይመለከታል።

14. አሥራ አራተኛው በፔንሲልቬንያ ግዛት ያለውን የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ አመጣ። ጆ ፓተርኖ 409 ጨዋታ ያሸነፈ፣ በሕይወት እያለ ሐውልት የቆመለት አሰልጣኝ ነበር። በ2001 አንድ ወጣት ረዳት፣ የቀድሞው ረዳት አሰልጣኝ ጄሪ ሳንደስኪ በቡድኑ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ሲባልግ አየሁ ብሎ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነገረው። ፓተርኖ ለስፖርት ዳይሬክተሩ ነገረ። ከዚያ በላይ አልሄደም። ፖሊስም አልተጠራም። ሳንደስኪ የታሰረው በ2011 ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ! በ2012 በ45 ክስ ጥፋተኛ ተብሎ ከ30 እስከ 60 ዓመት ተፈረደበት። ፓተርኖ በኖቬምበር 2011 ተባረረ፤ ብዙ ሳይቆይ በጃንዋሪ አረፈ። ዳይሬክተሩና ሌሎች ሁለት የዩኒቨርሲቲው ባለሥልጣናት በ2017 ሕጻናትን ለአደጋ በማጋለጥ ተቀጥተዋል። መላሹ ያሰመረበት ነገር፣ ፓተርኖ በጊዜው በነበረው ሕግ የሚጠበቅበትን አድርጓል መባሉ ነው። ለአለቃ ነግሯል። ልጆቹን ግን አላዳናቸውም።

15. አራተኛው፣ የሕግ ሰው ያልኩት፣ እዚህ ላይ ጨመረበት። ሁለቱን ጉዳዮች አንድ አታድርጉ፤ አንዱ የሕጻናት ነገር ነው አለ። ቢሆንም ፔንሲልቬንያ ከዚያ በኋላ ሕጉን ለውጣለች። ድሮ ሠራተኛ ለኃላፊው ከተናገረ ይበቃው ነበር። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ግን ልጆች የሚያሰለጥን ሰው በልጅ ላይ ጥቃት መፈጸሙን ከጠረጠረ ራሱ በቀጥታ ለመንግሥት ማመልከት አለበት። ለኃላፊው የሚነግረው ከዚያ በኋላ ነው።

16. አሥራ ስድስተኛው የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ የት ነበር ብሎ ተናደደ። በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ሴት ተማሪዎችን ደፍረዋል የሚሉ ክሶች በዝተው አሰልጣኙ አርት ብራይልስ በ2016 ተባረረ። ማኅበሩ ጉዳዩን ለዓመታት ይዞ ቆይቶ በ2021 ውሳኔ ሰጠ። ጥቃትን አለማመልከት የማኅበሩን ደንብ መጣስ አይደለም ተባለ፤ ምክንያቱም ችግሩ ለስፖርተኞች የተደረገ አድልዎ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ሁሉ ነበር። ይህንን ሳነብ ደሜ ነው የፈላው። ለተማሪ የማይፈቀድ ስጦታ ሰጠ ተብሎ አሰልጣኝ የሚቀጣ ማኅበር እዚህ ላይ ደንብ አጣ!

17. አንዲት እናት ገባች። ልጇ በአንድ ኮሌጅ ሯጭ ናት። ቡድኑ ውስጥ ስለ አንድ ረዳት አሰልጣኝ ጥሩ ያልሆነ ነገር ይወራል። ልጅቷ ዋናውን አሰልጣኝ እንደ አባቷ ስለምታይ ለእሱ ልንገረው ትላለች። እናትየዋ ፈርታለች፤ ብትናገር ስኮላርሺፑስ?

ከዚህ በኋላ የስድድብ መንፈሱ ጠፋ። ስምንተኛዋ፣ ቁጥር 3ና የሕጉ ሰው ተረባርበው መለሱላት። ልጅቷ የታይትል ናይን ቢሮን ራሷ በቀጥታ ማግኘት ትችላለች፤ የአሰልጣኝ ፈቃድ አያስፈልጋትም። ስላመለከተች እሷን መበቀል በሕግ የተከለከለ ነው። ገና ለማመልከት ካልወሰነች ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ትሂድ፤ እሱ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ለአሰልጣኙ ከነገረችው ግን እሱ ምስጢሩን እንዳይዝ መመሪያው ሊያስገድደው ይችላል፤ ይህንን አውቃ ትግባበት። ቁጥር 3 ደግሞ ዛሬውኑ ቀንና ሰዓት እየጻፈች ታስቀምጥ አለች።

18. አሥራ ስምንተኛው ከአዲስ አበባ ነው። እዚያም ሕጉ አለ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ይመለከታል አለ። ነገር ግን እሱ በሠራበት ክለብ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚወሰድበት ቢሮ አልነበረም። ያለው የክለቡ ፕሬዝዳንት ብቻ ነው፤ እሱም የአሰልጣኙ አብሮ አደግ ነው። እናንተ ቢሮ እያለ ለምን አልሄደም ብላችሁ ትከራከራላችሁ፣ እኛ የምንሄድበት የለንም ብሎ ጻፈ። ለዚህ ማንም መልስ አልሰጠም። እኔም አልነበረኝም።

19. ቁጥር 1 እንደገና መጣ። አሁን ቁጣው በርዷል። አንድ ነገር ብቻ ይመለስልኝ አለ። ክሱ ውሸት ቢሆንስ? ማየር አመልክቶ፣ ስሚዝ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ የሰውየውን ስም ማን ያነጻዋል?

20. ቁጥር 3 መለሰችለት። ያኔ ቅጹን ስትሞላ የአሮጊቷን ልጅ አልከሰሰችም። ኃላፊዎቹ መጥተው አዩ፣ ሐኪም አየ። አሮጊቷ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስዱ ትንሽ ነገር ሲነካቸው ይበልዛሉ። ልጁ ነጻ ነው ተባለ። ዛሬም እዚያው ቤት ትሠራለች። ልጁ መጀመሪያ ላይ አኩርፏት ነበር፤ አሁን ቡና ያፈላላታል። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ቀጣዩዋ ተንከባካቢም ያንኑ ክንድ አይታ ልጁን መጠርጠሯ አይቀርም ነበር አለች።

21. ቁጥር 1 የሦስቱን ጨዋታ ነገር አሁንም አልቀበልም፣ በዝቷል አለ። ማመልከቱን በተመለከተ ግን ከቁጥር 3 ጋር ክርክር የለኝም ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም እናትየዋን ልጅሽ ቢሮውን አገኘችው ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አላት ብላ መለሰች፤ እናትም አብራት ትሄዳለች።